ጥሩ ሰው ሁለት ዓይን አለው

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚገነጠልበት አፍ፣ አንድ የገበያ ቀን ከከተማ የመጣ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ ላይ አንድ ገበሬ አለ። ክንዱ የሠንጋ ታፋ ያክላል፤ ማጭድ ይዞ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ሩቅ ያያል። የሳለው ሰው ጀግና ሊያደርገው እንደደከመበት ያስታውቃል። የፎገራ ገበያተኛ ግን ከፊቱ እየቆመ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩት በኋላ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ለሌላ አገር ሰው እንግዳ ይሆናል። ለእኛ አልነበረም። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁም፣ መልአኩም፣ ደግ ሠርቶ የሞተውም ሁሉ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎን የሚሳለው ሰይጣን ነው፤ ከሐዲው ነው፤ ገራፊው ነው። ለእነሱ አንድ ዓይን ብቻ ይበቃቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህን ከሩቅ ያነበዋል። ስለዚህ ያ ባለ ማጭድ ገበሬ አንድ ዓይኑን ብቻ ሲያሳይ ሽማግሌው ጥፋቱን ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

እኔ በሳቅ ፈረስሁ። አብሮኝ የነበረው አጎቴ ግን አልሳቀም። «ልክ ናቸው» አለ። «ደግ ሰው እንዲህ አይሳልም።»

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔ «አያ» እለዋለሁ። ከቁሐር ሚካኤል ለትምህርት ወረታ ስመጣ የተቀመጥሁት እሱ ዘንድ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሮ፣ ኋላ ደርግ ሲመጣ ሥዕል የሚያሠራ ደብር ሲጠፋ፣ የሻይ ቤት ስምና የቀበሌ መፈክር እየጻፈ ይኖራል። ስለ ትሕትናው ላወራችሁ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ከወረታ እስከ ጎንደር እንደኔ ያለ እጅ የለም ባይ ነው። ሪዙን በመስተዋት ሳያይ ከቤት አይወጣም። ሥራ ሲሰጡት «ነገ» ማለት ይወዳል፤ እሱ የሻይ ቤቱን ስም ጽፎ እስኪጨርስ የሻይ ቤቱ ባለቤት ይቀየራል ተብሎ ይታማል። ሐሜቱ እውነት ነው።

ሲስል ያየው ሰው ግን ይህን ሁሉ ይቅር ይለዋል። ጥቁሩን መስመር ከጀመረ እጁ አይነሣም፤ ከግንባር ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ አገጭ አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ረዣዥሞቹ ጣቶች። ዓይን የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ዓይኑን ሲያስገባ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኛም አብረን እንይዛለን። ድንገት ያ ወረቀት፣ ቅድም ወረቀት የነበረው፣ ቀና ብሎ ያየናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ዓይን አላየሁም፤ ወገኔ ስለሆነም አይደለም የምለው።

ክረምት ሲገባ ፎገራ ውሃ ይሆናል። ርብ ይሞላል፣ ጉማራ ይሞላል፣ ሜዳው ከጣና ጋር ይገጥማል። የወላጆቼ ቤት ቅርብ ሆኖ ሳለ የማይደረስበት አገር ይሆናል። በዚያ ክረምት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ የገጠሩ መንገድ ተዘግቶ፣ ያልተዘጋው የቀበሌ ስብሰባ ብቻ ነበር። ያኔ ነው «መንገደኛ» ያልነውን ጨዋታ የጀመርነው።

የፈጠረችው ጓደኛዬ ናት። አባቷ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ ይሸጣሉ። ሙስሊሞች ናቸው። እኔና እሷ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ነን። ሕፃን ሳለች ታማ የግራ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ቆቡ እንደተከደነ ቀርቷል። ይህን የነገርኋችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ እኔስ አብሬያት ስውል ትዝም አይለኝም ነበር። ትዝ የሚለኝ አፏ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እንኳ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ እኛ ነን እየተንፏቀቅን የምንጠጋት። እንደሷ ያለ ተራኪ በዕድሜዬ አልገጠመኝም።

የምንጫወተው ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። እሷ ትተርካለች። እኔ፣ ጎረቤት የነበሩ ሁለት እኅትማማቾችና አያ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው አለን፤ ከሳሙና ካርቶን ተቆርጦ አያ የሳለው፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሰው። መንገዱን ጆንያ ላይ በከሰል እናሰምራለን። «ረግረጉ ውስጥ ሰው የሚውጥ ደንገል አለ፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ትላለች። ያሰብሽውን ትናገሪያለሽ። ከዚያ አምስት የባቄላ ክክ ትወረውሪያለሽ። ሦስቱ በጀርባቸው ከተኙ ያሰብሽው ሆነ፤ ካልተኙ ደንገሉ ዋጠሽ። ደንብ ብሎ ነገር ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ በሷ አፍና በአያ እጅ ያለ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የወንድሜ ልጅ ከውጭ የመጣ የዚሁ ዓይነት ጨዋታ አሳየኝ። ባለ ብዙ ጎን ጠጠር አለው፤ ዘንዶ፣ አስማተኛ፣ ሰይፈኛ በቀለም የተሳለበት ወፍራም መጽሐፍ አለው። ወዲያው አወቅሁት፤ ባቄላው ብቻ ነው የጎደለው። ሥዕሎቹ እውነትም ያምራሉ፤ የአንዱ ሰይፈኛ የብረት ጥሩር እያንዳንዱ ቀለበቱ ይቆጠራል። ጀግኖቹ ግን ግማሾቹ ወደ ጎን ያያሉ። «እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?» አልሁት። ልጁ ያረጀሁ መሰለው።

የእኛዎቹ መንገደኞች ፊት ለፊት ነበሩ። የኔዋ ነፋስ በእንስራ አዝላ የምትዞር ሴት ናት፤ አያ የእንስራውን ክዳን በጠፍር አስሮ፣ ነጠላዋን ግን ነፋሱ ትንሽ ሾልኮ እንደወጣ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው። የእኅትማማቾቹ ሰዎች አንዲት ነጠላ ይጋራሉ፤ የለበሰችው አትታይም። አያ ለራሱ የሳለው ሰውዬ ጉማሬ ላይ ተቀምጧል፤ ሪዙ የራሱ የአያ ሪዝ ነው፤ ከጉማሬው ይሰፋል። ጉማሬውም ደግ ስለሆነ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያያችኋል። የደግ ዓሣ ሳል ብለን ያስቸገርነው ጊዜ ሁለቱንም ዓይን በአንድ ጎን ደርድሮ ሰጠን፤ አንድ ዓይን ከማስቀረት ይሻላል አለ።

ክፉዎቹ በጎን ናቸው። ጭራቁ፣ የረግረጉ ጋኔን፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆኑት ሰዎች፣ ሁሉም ጥርሳቸውን አግጠው በአንድ ዓይን ያያሉ። ማንም ሳያወጣው የወጣ ሕግ ነበር። አንድ ዓይን ያለው ካርቶን ጆንያው ላይ ሲቀመጥ አንጠይቅም፤ ልንወጋው ባቄላችንን እናነሣለን። እነዚያን ሁሉ የምታንቀሳቅሰው ተራኪዋ ጓደኛዬ ናት። የራሷ መንገደኛ አልነበራትም። አንዳችንም ይህን ልብ አላልነውም።

አባቷ አንዳንዴ መጋረጃውን ገልጠው ያዩናል። «ስትጨርሱ ወደ ካርቶናቸው መልሷቸው፤ ሰላት ስቆም ያፈጡብኛል» ይላሉ። አያ ይህን እንደ ምስጋና ቆጥሮት ለሳምንት ያህል ሲኩራራበት ሰነበተ።

ለዒድ እናቷ ከሣጥናቸው አንድ ፎቶ አወጡልን። ሐሙሲት ላይ ለሠርግ ሄደው የተነሡት ነው። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ታናናሾች፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ያያሉ። እሷ ብቻ ዳር ላይ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። ፎቶ አንሺው «አንቺ ልጅ ዙሪ፤ በዚህ በኩል ታምሪያለሽ» ብሏት ነው አሉ እናቷ፤ ክፉ ነገር መስሎ አልታያቸውም። እኅትማማቾቹ ቆንጆ ሆነሻል አሏት። እሷ ፎቶውን ብዙ ያዘችው። ከዚያ ወደ አያ ዞረች።

«ጋሼ፣ ለኔም አንድ ሰው ይሳሉልኝ» አለችው።

«ምን ገዶኝ! ምን ዓይነት ልሳልሽ?»

«እኔን። ፊት ለፊት፣ እንዳለሁት።»

አያ እሽ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ነገ» ሳይል በማግስቱ አመጣው። ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ፋኖስ የያዘች ልጅ፣ ሁለት የሚያማምሩ ትልልቅ ዓይኖች ያሏት። ጓደኛዬ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየቻት።

«ቆንጆ ናት» አለች። «ማን ናት?»

አያ ሪዙን ነካ አደረገ። ካርቶኑን ተቀብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ይበልጥ የተራቀቀበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዙፋን ከሚሸከሙት፣ ሰውነታቸው ዓይን ብቻ ከሆነው ፍጡራን ነው ሐሳቡን ያመጣው። የግራውን ዓይን በፀጉር ሸፈነና ልብሷን ከአንገት እስከ እግር በትናንሽ ዓይኖች ሞላው። እያንዳንዱ ሽፋሽፍት አለው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ ግን ሳቀች፤ የማያስደስት ሳቅ ነው።

«ልብስ ይታጠባል፣ ጋሼ። ዓይን ይጨምሩልኝ አላልሁም።»

አያ ተናደደ። ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። «ስሚኝ እቴ» አለ፤ «አንዱን ጨፍኜ ብስልሽ እጄ እሽ አይለኝም። በኛ ሙያ ሁለት ዓይን የሌለው ደግ ሰው አልተሳለም። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይቺ ክፉ ናት ነው የሚል።»

«እኔን ያየስ?» አለች።

ከእኅትማማቾቹ ታናሿ አንገቷን ደፋች። እኔ ጆንያውን አየሁ፤ ጭራቁን አየሁ፣ ጋኔኑን አየሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ማንን ስንወጋ እንደከረምን ያኔ ገባኝ። አያ ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ መቀመጥ አበዛ። ሻይ ቤቱን ትቶት፣ መፈክሩን ትቶት፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እሷ ስትሸጥ ያያል። ሰው ያማው ጀመር፤ እኔም ተቆጣሁት። «አፍሽን ያዥ» አለኝ፣ «እየሠራሁ ነው።» እውነቱን ነበር። ጓደኛዬ ሰው ስታናግር ራሷን በጣም ጥቂት ወደ ግራ ዞር እንደምታደርግ፣ ያኔ ቀኝ ዓይኗ ወደ ፊቷ መሐል እንደሚመጣ ያየው እሱ ነው። ስትገረም ሁለቱም ቅንድቧ እኩል እንደሚነሣ፣ የተከደነው ዓይን ቅንድብ ከሌላው እንደማያንስ ያየው እሱ ነው። እኔ አብሬያት ዓመት ሙሉ ተቀምጬ አላየሁትም።

ሦስተኛውን ሲያመጣ አልፎከረም። ይህ ብቻውን አስደነገጠኝ። ፊት ለፊት ናት። ራሷን ጥቂት ዘንበል አድርጋለች። የግራ ቆቧ ተከድኗል፤ በአንዲት ቀጭን ቡናማ መስመር፣ ሳይሸፍን፣ ሳያሳምር። ቀኙ ዓይን ሰፊ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያያል። ሁለቱም ቅንድቦች ተነሥተዋል። በቅንድቦቹ ነው ያዳናት። በዚያ ሙያ ዓይኑ የሚጨፈነው የሞተ ወይም የተኛ ሰው ነው፤ ይቺ ግን ከሁላችንም ይልቅ ነቅታለች። አያን በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ ቀን አድንቄው አላውቅም። ልንገረው አስቤ ይኩራራብኛል ብዬ ተውሁት።

ጓደኛዬ ካርቶኗን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ይቺስ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ባቄላዎቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

የዚያን ቀን ተራኪዋ እኔ ሆንሁ፤ ምን ያህል ክፉ ተራኪ እንደሆንሁ አላወራም። ጓደኛዬ ሰውዋን ረግረጉ ዳር አቆመቻት። ከእኅትማማቾቹ ታናሿ ከነነጠላዋ ስትመጣ አንድ ዓይን ብቻ ታያትና፣ እንደልማዷ፣ ባቄላዋን አንሥታ ወረወረች። አራቱ በጀርባቸው ተኙ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ወጋቻት ማለት ነው። ልጅቷ ያደረገችው የገባት ከወረወረች በኋላ ነው፤ ልታለቅስ ደረሰች።

ጓደኛዬ አልተቆጣችም። የወደቁትን ባቄላዎች አንድ በአንድ አንሥታ በእጇ መለሰችላት። «መጀመሪያ ጠይቂኝ እንጅ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ሕግ ይህ ሆነ። ማንንም መንገድ ላይ ስታገኝ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ትሻለህ ብለህ ትጠይቃለህ፤ ባቄላው ከዚያ በኋላ ነው። አያ ከሁላችንም በላይ ደስ አለው። ሁለት ዓይን ያላቸው፣ ፊት ለፊት ፈገግ የሚሉ ወስላቶች ይስልልን ጀመር፤ አንዱ የሻይ ቤቱን ባለቤት ይመስላል። ከጭራቆቹ አንዱ ሲጠየቅ ጥርሱን አሞት የሚያለቅስ ሆኖ ተገኘ፤ በቅርንፉድ አከምነውና እስከ ክረምቱ መጨረሻ ዕቃችንን ተሸከመልን። ጨዋታው ከድሮው አሥር እጅ ጣፈጠ። ውጭ በየስብሰባው ጠላት እንዲህ ነው፣ ጠላት እንዲያ ነው ሲባል እየዋለ፣ እኛ ጓዳ ውስጥ ጠላትን ስሙን ስንጠይቅ መዋላችን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ክረምቱ አለፈ፣ ሜዳው ደረቀ፣ ትምህርት ተከፈተ። ግንቦት ላይ ቀበሌው ለአያ ትልቅ ሥራ ሰጠው። መገንጠያው ላይ በላሜራ የሚቆም ሥዕል ነው፤ ወዛደር፣ ገበሬና መጽሐፍ የያዘች ሴት። አስመስለህ ገልብጥ ተብሎ ከከተማ የመጣ ወረቀት ተሰጠው። ሦስቱም በጎን ናቸው። አያ ወረቀቱን ቤት አምጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈውና እያየ እራቱን በላ።

«በጎን አልስላቸውም» አለኝ። «አገሬው ምን አጥፍተው ነው ይለኛል።»

ሦስቱንም ፊት ለፊት አዞራቸው። ገበሬው የቁሐር ሚካኤል ሰው ሆነ፤ ማጭዱን ነጥቆ ዘንግ ሰጠው። ለሴትዮዋ ፊት ሲፈልግ ግን ወደ ሱቁ ሄደ። አባትየው «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ የፊቱን ባለቤት ጠይቅ» አሉት። እናትየዋ ፈሩ። ለልጃቸው ባል ይፈልጋሉ፤ መንገደኛ ሁሉ ዓይኗን አይቶ ሲያልፍ ታያቸው።

«አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም፣ ልጄ» አሏት። ተረቱ የሚባለው አንድ ብቻ ያለው ያቺን አንዷን ይጠንቀቅ ለማለት ነው፤ እሳቸውም ያሉት በፍቅር ነበር።

«አፈር አይዶለም፣ እማዬ። ቀለም ነው» አለችና ወደ አያ ዞራ «ይሳሉኝ» አለችው።

ሳላት። የሳሙና ካርቶን ላይ መዳፍ የምታክለው ልጅ ላሜራው ላይ ከሰው በላይ ሆነች። መጽሐፍ ይዛ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ በአንድ ዓይኗ ከባሕር ዳር የሚመጣውን የጭነት መኪና ሁሉ ታያለች። የገበያ ቀን ሴቶች የእርጎ ቅላቸውን አውርደው ከሥሯ ቆሙ። «የባለሱቁ ልጅ አይዶለችም እንዴ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ብዙ አየቻትና «ፊቷ ደግ ነው» አለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ሱቅ ድረስ ሮጥሁ። ጓደኛዬ ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ሰምታኝ መመዘኗን ቀጠለች፤ ግን አበዛችው፤ አባቷ መልሰው ቀነሱት።

ደስታችን አልቆየም። ከአውራጃ አንድ ጓድ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ሥዕሉን አየና ወረደ።

«የዚች ሴት ዓይን ምን ሆነ?» አለ።

«እንዲህ ናት፣ ጓድ» አለ አያ።

«የአብዮታችን ሴት አንድ ዓይና ናት? መጪውን ጊዜ በግማሽ ነው የምታየው?» አጠገቡ የቆመው የቀበሌው ሊቀመንበር መሬት መሬት ያያል። «ነገ ሁለተኛውን ዓይን አስገባ። ነገ ሳልፍ አየዋለሁ።»

በዚያ ጊዜ ስሙ በክፉ የተነሣ ጎልማሳ ወደ ሰሜን ግንባር ሲሸኝ ማየት ብርቅ አልነበረም። አያ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም «እሽ፣ ጓድ» ሲል ስሰማው ደሜ ፈላ። ማታ ቤት አላናገርሁትም። እሱ ግን ደህና አድርጎ በላ፤ ከዚያ ድስቱን ደፍቶ ቂጡን በቢላዋ ይፍቅ ጀመር።

«ከትምህርት ቤት ያመጣሽው ጠመኔ አለ?» አለኝ።

ያለኝን ወረወርሁለት። «ፈሪ ነህ» አልሁት። እንዲህ ያለ ቃል ለታላቅ አይባልም። እሱ ጠመኔውን ለቀመ።

በማግስቱ መሰላል ደግፎ ወጣ። ጓደኛዬ ሱቁ በር ላይ ቆማ አየችው። ዓይኑ ቆንጆ ሆነ፤ ነጩ ነጭ፣ ብሌኑ ጥቁር፣ ከቀኙ አይለይም። የአውራጃው ጓድ በዚያ አልፎ አያን እጁን ጨበጠው። ጓደኛዬ ወደ ውስጥ ገባች። ሁለት ዓይን ያላትን የመጀመሪያዋን ካርቶን አስታውሼ «ማን ናት?» ያለችው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ በመገንጠያው ስናልፍ ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ሌላ በኩል ታዞራለች። አያን ስታገኘው «ደህና ዋሉ» ትለዋለች፤ «ጋሼ»ዋ ቀርታለች። ይህ ከኔ ስድብ ይበልጥ እንደቆረጠው ፊቱ ላይ ይታያል። እሱ ግን እየወጣ ሰማዩን ያያል።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጣና በኩል ጠቁሮ፣ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ፣ ከዚያ ወረደ። ገበያተኛው ወደ ሱቁ ጥላ ተጠጋ። እኔና ጓደኛዬ በሩ ላይ ነበርን። አያ የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«መንገዱን እዩ እስቲ» አለን።

አየን። ላሜራው ላይ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ገበሬው እንዳለ ነው፤ ወዛደሩም እንዳለ ነው፤ የዘይት ቀለም ነው፣ ዝናብ አይነካውም። የሴትዮዋ የግራ ብሌን ግን መላወስ ጀመረ። መጀመሪያ ጥቁሩ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ ኩሏ እንደፈሰሰባት ሙሽራ። ቀጥሎ ነጩ ቀጥኖ፣ ሟሙቶ፣ መጽሐፉ ላይ ተንጠባጠበ። ጠመኔዬ ነው። የድስታችን ጥላሸት ነው። ከሥሩ ያ ቡናማ መስመር ብቅ አለ፤ የተከደነው ቆብ፣ ከላዩም የተነሣው ቅንድብ። ዝናቡ ፊቷን አጥቦ ሲጨርስ እሷው ራሷ ነበረች።

ጓደኛዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ የምትስቅ ነበረች። ሁለቱንም ሳትሆን አልቀረችም።

«ልብስ ይታጠባል ብለሽኝ አልነበር?» አላት አያ ዳቦውን እያኘከ። «ከዚያ ነው ያገኘሁት።»

«ጋሼ» አለች።

ሊቀመንበሩ ጥላ ይዞ ሲያልፍ ሥዕሉ ሥር ቆመ። ወደ ላይ አየ፤ ወደ ሱቁ አየ፤ መጥቶ ከሱቁ ጥላ ሥር ተጠለለ።

«ዓይኗስ?» አለ።

«ዝናብ ነው፣ ጓድ። እሠራዋለሁ» አለ አያ።

«መቼ?»

«ክረምቱ ይውጣ እንጅ። በዝናብ ቀለም ይይዛል?»

ሊቀመንበሩ የአገሩ ልጅ ነው፤ የፎገራ ክረምት ስንት እንደሚቆይ ያውቃል፤ አያም «ነገ» ባይ መሆኑን ያውቃል። «እሽ፣ ይውጣ» አለና የሚገዛውን ክብሪት ገዝቶ ሄደ። ክረምቱ ወጣ። የአውራጃው ጓድ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉ። አያ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ሥራ ማዘግየት ያውቅበታል። ላሜራው እስኪነሣ ድረስ ዓይኗ አልገባም።

ፎቶ አንሺው በሚቀጥለው ዒድ ራሱ ወረታ መጣ። ሱቁ ፊት ለፊት ቤተሰቡን ደረደረ። እኔም እዚያ ነበርሁ። መሣሪያው ላይ አጎንብሶ ቀና አለና «አንቺ ልጅ፣ ወደ ጎን ዙሪ» አለ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያ ፎቶ አንድ ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ታናናሾች፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ያያሉ። እሷ መሐል ላይ ናት። ራሷን ጥቂት ዘንበል አድርጋ አንዷን ዓይኗን መሐል አምጥታለች፤ ሁለቱንም ቅንድቧን አንሥታለች።